የካሚዮኑ ዋስና የዘበኛው ዋስ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ እንነሳ፤ ለታ ዱጉማ ፈሪ ነበር። ይህ ስሙን ለማጉደፍ የተባለ አይደለም። ጉለሌ ውስጥ የሚያውቀው ሁሉ ያውቅበታል፤ እሱም ራሱ አይክድም። ውሻ ሲጮህ ይደነግጣል፤ ሰው ከኋላው ስሙን ከጠራው የያዘውን ሁሉ ይጥላል። ከየካቲቱ እልቂት በኋላ ደግሞ ባሰበት። በእነዚያ ሦስት ቀናት የሚስቱ የውባለም ሁለት ወንድሞች ከደጃፋቸው ተወስደው በዚያው ቀርተዋል። ከዚያ ወዲህ ለታ ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ ጣሊያን ገና ከሩቅ ሲያይ ዳር ይዞ ይቆማል። አንድ ጊዜማ አጥር ላይ የተሰጣ ጥቁር ካፖርት አይቶ ቆቡን አውልቆ እጅ ነስቷል። ጎረቤት ለሳምንት ሳቀበት፤ እሱም አብሮ ሳቀ፤ ግን በዚያ አጥር በኩል ዳግመኛ አላለፈም።

እንዲህ ያለውን ሰው ዘበኛ አድርጎ የቀጠረ ሞኝ ሊመስል ይችላል። ሲኞር ቤርቶ ግን ሞኝ አልነበረም። የአራት ካሚዮኖች ጌታ ነው፤ ጀግና ዘበኛ ተማምኖ እንደሚተኛ፣ ፈሪ ዘበኛ ግን ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር እንደሚነሳ ያውቃል። ስለዚህ በጉለሌ ካለው ወንድ ሁሉ ፈሪውን መረጠ።

ግቢው ወደ እንጦጦ ከሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። አጥሩ የባሕር ዛፍ አጣና፣ በሩ ቆርቆሮ። ካሚዮኖቹ እህልና ሲሚንቶ ጭነው እንጦጦን ይወጡና በሱሉልታ አድርገው ወደ ፍቼ ይሄዳሉ። ሦስቱ አዲሶች ናቸው። አራተኛው ሞተሩ የሚያስል፣ ዳገት ላይ የሚለምን አሮጌ ስለነበር ሠራተኛው ሁሉ "ሽማግሌው" ይለዋል። ለታ ሲመሽ ከውባለም ምድጃ አመድ በቁና አምጥቶ በየጎማው ዙሪያ ይነሰንስና፣ ሲነጋ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ጎንበስ ብሎ ያነበዋል። ይህን የተማረው ጎተራ ይጠብቁ ከነበሩት ከአባቱ ነው። ሌባ ቁልፍ ይሰብራል፣ ውሻም ያባብላል፤ አመድ ላይ ሳይረግጥ ግን አያልፍም ይሉ ነበር።

በ1931 ዓ.ም. ካሚዮን መዝረፍ በዛ። ሱሉልታ ሜዳ ላይ አርበኞች ካሚዮን አስቁመው ጎማውን ፈትተው ይወስዳሉ፤ ከጎማው በርባሶ ጫማ ይቆረጥና ለስንቱ ባዶ እግር ይበቃል። ከተማ ውስጥ ደግሞ ማንነቱ ያልታወቀ ባትሪ ነቅሎ ይሰወራል። ሲኞር ቤርቶ ይህን በሰማ ቁጥር ፊቱ ይቀላል። ለታ ደግሞ ይገረጣል።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መነጽር ያደረገ ቀጭን ጣሊያን ከአስተርጓሚው ከመሸሻ ጋር ወደ ግቢው መጣ። ሰላምታም ሳይሰጥ አጥሩን በእርምጃው ለካ፣ የበሩን ቁልፍ ጎተት አድርጎ ሞከረ፣ የካሚዮኖቹን ጎማ ቆጠረ፣ በመጨረሻም ለታን ከእግር እስከ ራሱ አይቶ አንድ ነገር ጻፈ። ለታ ያ የተጻፈው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ላብ አጠመቀው።

"ጌታዬ መሸሻ፣ ይሄ ሰውዬ ምንድን ነው?" ሲል በሹክሹክታ ጠየቀ።

"የኢንሹራንስ ሰው ነው" አለ መሸሻ። "ካሚዮን ቢሰረቅ ወይም ቢቃጠል የእሱ ኩባንያ ይተካል። ለዚያ ብሎ ሲኞር ቤርቶ በየዓመቱ ይከፍለዋል። ስርቆት ሲበዛ ክፍያው ይጨምራል፤ ጥበቃው ሲጠብቅ ይቀንሳል።"

"ታዲያ ዋስ ነው በለኛ! የካሚዮኑ ዋስ።"

"እንደሱ እንኳ አይደለም፤ እ... ማለቴ..." መሸሻ ለማስረዳት ቢጀምርም ሰለቸው። "በቃ፣ እንደዚያ በለው።"

ለታም በልቡ እንደዚያው ብሎ ያዘው፤ ለሰውየውም ወዲያው አዘነለት። በእኛ አገር ዋስ የሆነ ሰው አንገቱን ሰጥቷል። ሰውየው ቢጠፋ ዋሱ ይታሰራል፤ ሰውየው ቢከዳ ዋሱ ይከፍላል። ይህ ምስኪን ደግሞ ሱሉልታን ለሚያቋርጥ ብረት ዋስ ሆኗል። ለታ ኪሱ ውስጥ የያዘውን ቆሎ ሊሰጠው ሁሉ አስቦ ነበር፤ ፈርቶ ተወው።

ያን ዕለት ሁለቱ ጣሊያኖች ሲጯጯሁ ዋሉ። የኢንሹራንሱ ሰው የብረት በርና እሾሃማ ሽቦ ካልገባ ክፍያውን በግማሽ እጨምራለሁ ይላል። ሲኞር ቤርቶ ደግሞ የብረት በር ከየት ላምጣ ብሎ ሰማይ ሰማይ ያያል። በመጨረሻ የሚያስማማቸውን አገኙ፤ ዘበኛው ዋስ ይጥራ ተባለ። የብረት በር ገንዘብ ያስወጣል፤ የሐበሻ አንገት ግን ምንም አያስወጣም። ዋሱ ከእስላሞቹ ወገን እንዲሆንም ፈለጉ፤ ጣሊያን በዚያን ጊዜ እነሱን ያቀረበ ይመስል ነበርና።

የለታ የአጥር ጎረቤት አማን ነው። ጨውና በርበሬ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችው፤ ሚስቱ ረሂማ ሚዛኑን ትይዛለች። ሁለቱ ሰዎች አንዱ ሲታመም ሌላው ሲጠይቅ ዐሥራ ሁለት ዓመት አሳልፈዋል። ለታ ነገሩን ሲነግረው አማን ሳቀ።

"አንተ ካሚዮን ትሰርቃለህ ብዬ አልሰጋም" አለው። "ለመስረቅ እኮ መጀመሪያ መቅረብ ያስፈልጋል። አንተ ሞተር ሲነሳ ትሸሻለህ።"

ሄዶም በዋስትናው ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን አተመ። ወረቀቱ ካሚዮን በዘበኛው ስንፍና ወይም ተንኮል ቢጠፋ ዘበኛውም ዋሱም በሕይወታቸው እንደሚጠየቁ ይናገራል። መሸሻ "በሕይወታቸው" የሚለውን ሲተረጉም ድምፁን ዝቅ አደረገ። አማን መሳቁን አቆመ፤ ጣቱን ግን አላነሳም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሐምሌ ላይ ሲኞር ቤርቶ ደግ ሆነ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለታን በፉጨት ሲጠራ የኖረ ሰው በስሙ ይጠራው ጀመር፤ አንድ ቀንም ዳቦ ሰጠው። በማግስቱ ደግሞ በተሰባበረ አማርኛ፣ "ለታ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሂድ። ግቢ እኔ አያለሁ" አለው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ለታ ዳቦውን አልበላውም።

ሐሙስ ማታ አመዱን እንደነሰነሰ ሲኞር ቤርቶ ቤትህ ሄደህ እደር አለው፤ አርብ ጎህ ሲቀድ ተመልሶ አመዱን ለማየት ጎንበስ አለ። ሦስቱ ካሚዮኖች ዘንድ አመዱ እንደተነሰነሰ ነው። ሽማግሌው ዙሪያ ግን ምስማር የተመታበት የቦት ጫማ ኮቴ ሞልቷል። እንዲህ ያለ ጫማ ግቢ ውስጥ የሚያደርግ አንድ ሰው ብቻ ነው። ለታ ቀና ብሎ ጎማዎቹን አየ። ትናንት ደህና የነበሩት ተፈትተው በምትካቸው ጥርሳቸው ያለቀ ራሰ በራዎች ገብተዋል። ባትሪውም ተቀይሯል። የሚጠቅመው ሁሉ ተለቅሞለት የቀረው ቅርፊቱ ነው።

ለታ ነገሩን ገጣጠመው። ሽማግሌው እሁድ ሊጠፋ ነው። ጌታው ራሱ ያጠፋውና ሌባ ወሰደው ይላል፤ ኩባንያው የአዲስ ዋጋ ይከፍለዋል። ሌባ ተብሎ የሚያዘው ደግሞ ግቢውን ጥሎ ቅዳሴ የሄደው ዘበኛ ነው። ከዘበኛውም ጋር ምንም ያላደረገው አማን።

ቤቱ ገብቶ ለውባለም ሲነግራት ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ነበር። ውባለም ሰማችው፤ ጋቢውን አነሳችና ትከሻው ላይ ጣለችለት።

"ተነስ፣ ለአማን ንገረው" አለችው። "ዋስህን ደብቀኸው እዚህ ቤት እህል አትቀምስም።"

አማን ሲሰማ ረሂማ ከያዘችው ሚዛን ላይ ጨው ተደፋ። ማንም አላነሳውም።

"ከዋስትና እወርዳለሁ" አለ አማን ጥቂት አስቦ። "ሰውዬው በእጄ ነው፣ ተረከቡኝ እላለሁ። ሰውየውን ሳይጠፋ ያስረከበ ዋስ ነፃ ነው። አንተም ሥራውን ትለቃለህ። ነገ እንሂድ።"

እውነቱን ነው፤ የአገሩ ደንብ ይህ ነው። ለታም ትንሽ ተነፈሰ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ ወደ አራዳ፣ ወደ ኢንሹራንሱ ሰው ቢሮ ወረዱ። አማን ለታን በክንዱ ይዞ እንደ ደንቡ አስረከበ፤ መሸሻ ተረጎመ፤ ቀጭኑ ሰውዬ ትከሻውን ነቅንቆ ጻፈ። እዚህ ላይ ቢወጡ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር።

ለታ ግን በሩ ላይ ሲደርስ እግሩ ያዘው። እሱና አማን ሊድኑ ነው፤ ይሄኛው ዋስስ? ማንም ያልነገረው፣ ብቻውን አንገቱን ያስገባ ሰው አይደለም? ለታ ፈሪ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። አንድ ዋስ አድኖ ሌላውን ገደል ዳር ጥሎ መሄድ ነውር ሆነበት። አማን ጋቢውን ጎተተው፤ አልሰማም።

"ጌታዬ፣ ይንገሩልኝ" አለ ወደ መሸሻ ዞሮ። "እርሳቸውም ዛሬውኑ ከዋስትናው ይውረዱ። ሽማግሌው ነገ ሊጠፋ ነው። የሚያጠፋውም ጌታው ነው።"

የመሸሻ ፊት አመድ መሰለ። "ይሄን ልተርጉመው?"

"ይተርጉሙት እንጂ! ሰውዬው ይሙት እንዴ?"

ካፍ የወጣ አፋፍ። ቀጭኑ ጣሊያን ሰምቶ አልደነገጠም፤ አላመሰገነምም። መነጽሩን ጠርጎ ብዕሩን አነሳና ስንት ኮቴ እንዳየ፣ የትኞቹ ጎማዎች እንደተቀየሩ፣ እሁድ ሂድ ያለው ማን እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቀው። ለታ እየመለሰ ሳለ የሰውየው ፊት ላይ የሞት ፍርሃት ፈለገ። አላገኘም። በዚያች ቅጽበት ምን እንዳደረገ ባያውቅም አንድ መጥፎ ነገር እንዳደረገ አወቀ።

እሁድ ሽማግሌው ከቦታው አልተነቃነቀም። ሰኞም እዚያው ነው። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሁለት የጣሊያን ፖሊሶች፣ ካራቢኔሪዎች፣ ሱቁ መጥተው አማንን ወሰዱት።

ለታ መሸሻን መንገድ ላይ ጠብቆ እግሩ ላይ ወደቀ። መሸሻ ዙሪያውን አይቶ አነሳው፤ አንገቱን ደፍቶም ነገረው። የኢንሹራንሱ ሰው ጌታውን አልከሰሰውም። ነጭ በሐበሻ ቃል አይከሰስም። ቢሮው ጠርቶ፣ "ያሰብከውን አውቄዋለሁ፤ ክፍያህ እጥፍ ሆኗል" አለው። ሲኞር ቤርቶ ለመነ፤ ተከራከሩ፤ ወይን ጠጡ። ዘበኛው ምስጢር እንደሚያውቅ፣ ዋሱም ሊያመልጥ እንደሞከረ ተነሳ፤ የቅዳሜው ጽሑፍም ተቀደደ። በመጨረሻ ዋሱ እስር ቤት ከተቀመጠ ዘበኛው እንደማይንቀሳቀስ፣ ዘበኛው ካልተንቀሳቀሰ ካሚዮኑ እንደማይጠፋ ተስማሙ። ክፍያው እንደ ድሮው ሆነ።

"አማን ማለት አሁን የብረት በሩ ነው" አለ መሸሻ፤ ያለው ነገር ራሱንም አስፈርቶት ፈጥኖ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አራት ወር ለታ እንዴት እንደኖረው እሱ ብቻ ያውቃል። ሥራውን መልቀቅ አይችልም፤ ቢለቅ አማን ይሞታል። መታመም አይችልም። በፊት ሌባ ይፈራ የነበረው ሰው አሁን ሁሉን ይፈራል፤ ብልጭታ፣ የላላ ብሎን፣ ጭነት ይዞ የዘገየ ካሚዮን። ከፍቼ የሚመለሱት ከእንጦጦ ቁልቁለት ብቅ እስኪሉ ድረስ በሩ ላይ ቆሞ ከንፈሩን ይነክሳል። የአርበኞቹን ድል ይመኝ የነበረ ሰው አሁን በልቡ፣ "እባካችሁ የዚህን ሰውዬ ካሚዮን ብቻ ተዉልኝ" እያለ ይለምናል፤ መልሶም በራሱ ያፍራል።

ከሁሉ የከበደችው ረሂማ ነበረች። በየቀኑ ረፋድ ላይ ለአማን ስንቅ ይዛ ወደ ካራቢኔሪዎቹ እስር ቤት ስትሄድ በግቢው በኩል ታልፋለች። አጣናው መሃል ባለ ክፍተት ዓይኗን አስጠግታ ካሚዮኖቹን ትቆጥራለች። ሥራ የወጣ ካለ ለታ ቀድሞ፣ "አንዱ ፍቼ ነው፣ ይመለሳል" ይላታል። እሺ ትልና ትሄዳለች። አንድም ቀን ወቅሳው አታውቅም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ኅዳር ውስጥ አንድ ረቡዕ ማለዳ ሲኞር ቤርቶ ብቻውን መጣ። ሹፌር አልጠራም፣ ጭነትም አላስጫነም። ከሽማግሌው ውስጥ የመፍቻ ሣጥኑንና ሸራውን አውጥቶ ቢሮው ውስጥ ቆለፈባቸው፤ ከዚያ ራሱ መሪውን ይዞ ሞተሩን አስነሳ። በበሩ ሲወጣ ለታን አየው፤ ፈገግ አለለት። ካሚዮኑ እያሳለ የእንጦጦን ዳገት ተያያዘው።

ለታ ሁሉም ነገር ገባው። ሐምሌ ላይ ተጠያቂው ገና አልተያዘም ነበር፤ አሁን ግን ተጠያቂው ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ጌታው እስከ ማታ በሰው መኪና ይመለሳል፤ ሽፍታ አቃጠለው፣ መንገዱን የጠቆመም ዘበኛው ነው ይላል። ወረቀቱም ላይ የአማን ጣት አለ።

ረሂማ መጣች፤ ቆጠረች። ሁለቱ አዲሶች ትናንት ለጭነት ወጥተዋል፤ ግቢው ውስጥ የቀረው አንድ ብቻ ነው።

"ጋሼ ለታ፣ ሽማግሌውስ?" አለች።

ለታ ይመለሳል ሊል ጀምሮ ራሱን ነቀነቀ። ረሂማ አጣናውን ይዛ ቁልቁል ተንሸራተተች።

"ተነሺ" አላት። ድምፁ ይርገበገባል። "ወደ ቤት ሂጂ። ውባለምን ጥሪያት፤ የያዛችሁትን ይዛችሁ ጠብቁ። አማን ይመጣል። ሲመጣ ጊዜ ሳታጠፉ ሦስታችሁም ከጉለሌ ውጡ።"

"አንተስ?"

ለታ ዱላውን በሩ ላይ አስደግፎ ወጣ። እስር ቤቱ እዚያው ጉለሌ ነው፤ ሩቅ አይደለም፤ ለታ ግን ሦስት ጊዜ ለመመለስ ቆሟል። ከኋላው የሞተር ድምፅ በሰማ ቁጥር ወሬው ቀደመኝ እያለ ሄደ። መሸሻን በር ላይ አገኘው፤ ለካራቢኔሪዎቹም ይተረጉማልና በጠዋቱ ተራ ገብቶ ነበር። ለታ የመጣበትን በጆሮው ነገረው፤ የካሚዮኑን ነገር ግን አልነገረውም።

መሸሻም ለእስር ቤቱ አለቃ ለማሬሻሎው እንዲህ ሲል ተረጎመ፤ ዘበኛው ራሱን ሊያስረክብ መጥቷል፤ በአገሩ ደንብ ዋስ የተጠራለት ሰው በእጅ ከገባ ዋሱ ይለቀቃል። ማሬሻሎው አዛጋ።

"ግቢውን ማን እየጠበቀ ነው?"

"ሲኞር ቤርቶ ራሳቸው አሉ" አለ ለታ። በሕይወቱ ለጣሊያን የዋሸው ይህን ጊዜ ብቻ ነው።

ማሬሻሎው አሰበ። የሚታሰረው አንድ፣ የሚወጣው አንድ፤ ሂሳቡ አይፋለስም። ቡና አስቀዳና በእጁ ጠቆመ። አማንን አመጡት። ጢሙ አድጓል፤ ከስቷል። ለታን ሲያይ ደነገጠ።

"ምን ሆንክ? ምን አደረግህ?"

ለታ ትከሻውን አቅፎ ሳመውና በኦሮምኛ፣ ሁለቱ ብቻ በሚሰሙት ድምፅ፣ "ሽማግሌው ሄዷል። ረሂማ እየጠበቀችህ ነው። አትሩጥ፣ ግን አትቁም" አለው።

አማን ባለበት ደረቀ። ወታደሩ ወደ በሩ ገፋው። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ለታን ይጠይቅ ጀመር፤ ስም፣ የአባት ስም፣ ሥራ። ለታ እየተንቀጠቀጠ መለሰ። ጸሐፊው ብዕሩን ቀለም አስነክሮ የመጨረሻውን ጠየቀ፤ መሸሻም ተረጎመ።

"ዋስ አለህ?"

አማን በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ዞረ፤ አንድ እግሩን መልሶ ወደ ውስጥ አስገባ፤ አፉንም ከፈተ።

"የለኝም!" አለ ለታ። ግቢው ውስጥ ያሉት እስረኞች ሁሉ ቀና እስኪሉ ድረስ ጮኾ ነው ያለው፤ ድምፁም አልተንቀጠቀጠም። "ማንም የለኝም።"

መሸሻ ወደ በሩ ሳያይ ተረጎመው፤ ጸሐፊውም ጻፈው።